ያልፈተልኩበት ገና

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ የገና ስጦታ ከሱቅ አይገዛም። ሴት ልጅ ያገባችበትን ቤት በገዛ እጇ ፈትላ ታለብሳለች፣ አለቀ። እኔ ላፍቶ የተዳርኩት በንጉሡ ጊዜ ነው። ይኼ አሁን ፎቅ በፎቅ የሆነው ጀሞ ሁሉ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር፣ ደጃፋችን ቆመሽ ብታዪ እህል እንጂ ሰው አይታይሽም።

ታዲያ የገና ጾም የሚገባው መቼ ነው? አጨዳና ውቂያው ላይ። ቀን አውድማ ስትጠርጊ፣ ስታነፍሺ፣ ለወቂዎቹ ምሳ ስታመላልሺ ትውያለሽ፣ እና ራት ሲነሣ ደግሞ እንዝርትሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ለአማትሽ ነጠላ፣ ለባልሽ ኩታ፣ ለባልሽ አባት ጋቢ። ጋቢ ደግሞ ፈትል ይበላል፣ ብትፈትዪ ብትፈትዪ አይሞላም። ጥጡን ዳምጠሽ ፍሬውን ታወጫለሽ፣ ትነድፊዋለሽ፣ ታባዝቺዋለሽ፣ መፍተሉ ገና ከዚያ በኋላ ነው። ትከሻዬን ይኼው እስከ ዛሬ ያመኛል፣ ይኼኛውን፣ የቀኙን። ለአንቺስ ማን ይፈትላል በይኝ? ማንም። ምራት ታለብሳለች እንጂ አትለብስም።

አማቴ እማማ ደስታ ኃይለኛ ነበሩ። መቆጣት እንኳ አይቆጡም፤ የፈተልሽውን ያነሡና በጣታቸው ያሻሹታል፣ እንዲህ፣ ከዚያ «እህ» ይላሉ። እህ ብቻ። ያቺ እህ ከዱላ ትብስ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ የመጀመሪያ ልጄን ኩፍኝ ወሰደብኝ። ወንድ ነበር፣ ድክ ድክ ማለት ጀምሮ ነበር። መካኒሳ አቦ ቀበርነው። ሐዘን ተቀምጠን ስንነሣ አጨዳው ደረሰ፣ እና አጨድኩ፣ ምን አደርጋለሁ፣ እህል አይጠብቅ። ጾሙም ገባ። ባዘቶው ተዘጋጅቶ ቅርጫቱ ውስጥ አለ፣ እንዝርቱም አለ። ቁጭ እላለሁ፣ እፈትላለሁ፣ ይበጠሳል። እቀጥለዋለሁ፣ ደግሞ ይበጠሳል። እጄ የእኔ አልነበረም። እንባስ ቢመጣ ደግ ነበር፣ እሱም የለም፣ መድከም ብቻ ነው፣ አጥንት ድረስ መድከም።

እትዬ በላይነሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። አንድ ቀን ከሰዓት መጣችና ቅርጫቱን አየችው። ከንፈሯን አጣማ፣ «ጋሽ ቱሉ ዘንድሮ በአሮጌ ጋቢ አቦ ሊሄዱ ነው? ሰው ምን ይላል?» አለቻቸው እማማ ደስታን። ጋሽ ቱሉ የባሌ አባት ናቸው። እኔ እዚያው ነኝ። ባሌ፣ አያትሽም፣ እዚያው ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ምን ይበል፣ ልጁ የሱም ነው።

እማማ ደስታ ተነሡ። ሴትዮዋን ሸኟትና ተመልሰው ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አሁን መጣብኝ አልኩ በልቤ።

«አምጪው» አሉኝ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«እንዝርቱን።»

ሰጠኋቸው።

«እኔም ልጅ ቀብሬ መጥቼ አማቴ አስፈትላኛለች። ደግ አልሠራችም። አንቺ ዘንድሮ አትፈትዪም።»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል እኮ፣ እማማ።»

«ይንቀጠቀጥ። ሂጂ ተኚ።»

ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፣ ልብ በዪ። እኔ በዚያ ቤት ቀን ተኝቼ አላውቅም። ግን ሄድኩ፣ መደቡ ላይ ወጣሁ፣ እና እንቅልፍ ወሰደኝ። ልጄ ከሞተ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ታዲያ እሳቸው ፈተሉ። ዓይናቸው ፈዟል፣ ፈትሉ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። አያትሽ ለሸማኔው ሲያደርስለት ሰውየው አገላብጦ አየውና «ምነው፣ ምራቲቱ ታማለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣ ጉጥ ጉጥ ብሏል፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው ሰፍቷል። እኔ አፈርኩ። ጋሽ ቱሉ ግን ተቀበሉና ለበሱት።

በገና ከቅዳሴ ስንወጣ ያቺው በላይነሽ የጋቢውን ጠርዝ ያዝ አደረገችና፣ ሰው እንዲሰማላት ጮክ ብላ፣ «ጋሽ ቱሉ፣ ይኼን ደግሞ ማን ፈተለው?» አለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው፣ ዞር ብለው አዩዋት።

«ሚስቴ ናት። ልጅቷን አሳርፋ።»

ይኼን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ እዚያው የአቦ ደጅ ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ያ እምቢ ያለኝ እንባ መጣልኝ። እማማ ደስታ ክንዴን ይዘው አጠገቤ ቆሙ።

ከዚያ በኋላ የለዘቡ እንዳይመስልሽ። እንደ ኃይለኛነታቸው ነው የሞቱት። እኔም በዓመቱ ፈተልኩ፣ እናትሽን አርግዤም ፈተልኩ፣ ማን ሊተውሽ። ብቻ ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ያለበሰኝ ሰው አላጣሁም፣ ልጆቼም ያለብሱኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። አይተው፣ ደክመሻል፣ ሂጂ ተኚ ያሉኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አያቴ ደግሞ፣ እኔስ? ሁልጊዜ ተኚ እልሽ የለ?»

አንቺማ ተኚ የምትዪኝ ስልክሽን ልታዪ ነው።