ጋቢና የገቡት ባለመኪና

ስለ ጭነት መኪና ሾፌሩ አባቴ የጻፍሁት ድርሰት ሰኞ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንዲነበብ መመረጡን በሰማሁ ዕለት፣ ከጊንጪ ወደ አምቦ በታክሲ ተሳፈርሁ። ከፊቴ ሁለት የጭነት መኪና ባለቤቶች ያወራሉ።

«ኦቦ ቶላ፣ መኪናዬ ነገ በወታደር ከሚታጀበው ኮንቮይ ጋር ወደ ሰሜን እንድትሄድ ታዝዛለች። ሾፌሬ ቁልፉን ጥሎ እንዳይጠፋ ፈራሁ።»

«ደመወዝ ልጨምርልህ አላልከውም?»

«ብዬው ነበር፤ ‹ለቀብሬ ነው?› አለኝ።»

«የእኔም እንደዚያው ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ በምን ያዙት?»

«ጋቢና አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ሄድኩ።»

«ፈንጂ ባለበት መንገድ?»

«አዎ። ጮክ ብዬ ስጸልይ ‹ኦቦ፣ ዝም ይበሉ፣ መንገዱን ልይበት› ይለኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።»



«እኔ እኮ ልጆች አሉኝ።»

«እሱስ የለውም?»

አምቦ እስክንደርስ ድርሰቴን እያጠፍሁ እየዘረጋሁ ቆየሁ፤ አባታችሁ መንገድ ላይ ያለ ሁላችሁ፣ ሰኞ ጠዋት ኑና ስሙልኝ።