ምስክር የሌለው ፉከራ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ጀግና ነኝ ብሎ የሚፎክር ሰው ምስክር ሳይኖረው አይፎክርም ነበር። ያን ነገርሽን ከፈትሽው? ይቀዳል? እሺ። ታዲያ እኛ አገር ድግስ ላይ ሰው ሞቅ ሲለው ይነሣና «እኔ የእገሌ ልጅ፣ እንዲህ ጥዬ፣ እንዲህ ማርኬ» እያለ ይንጎራደዳል፣ እና ማንም አይከለክለውም፤ ግን አብሮት የዘመተ ሰው እዚያው ተቀምጧል። ውሸት የገባበት እንደሆነ ያ ሰው ጠላውን ያስቀምጥና «ምስክርህ ማነው?» ይለዋል። አለቀ። ምስክር ካላመጣ ይቀመጣል፣ ሴቶቹም ይሥቁበታል፣ ዳግመኛ በዚያ ሰፈር ዱላ ይዞ አይንጎራደድም። እኔ ራሴ በወታደርነቴ ዘመን ሰሜን ተራራ ላይ ጠመንጃ ተሸክሜአለሁ፣ ያየሁትን አይቻለሁ፣ እና አንድም ቀን ተነሥቼ አልፎከርኩም። ለምን ብትይ፣ ምስክሮቼ እዚያው ቀርተዋል።

እዚህ ባሕር ዳር፣ አሽዶድ ከተማ ስንመጣ ግን ፉከራው ራዲዮ ውስጥ ገባ። ራዲዮ ውስጥ ምስክር የለም። አንድ ሰው ክፍል ዘግቶ ብቻውን ያወራል፣ እኛ ቤታችን ሆነን እንሰማለን፣ «ውሸትህን ነው» ብትይው አይሰማሽም። እና በአማርኛ የሚያወራ አንድ ሰው ነበር፣ ስሙን አልጠራልሽም፣ ስሙን ጠርቼ አላከብረውም፣ ባለራዲዮው እንበለው። ድምፁ ያምራል፣ አልዋሽም። ሽማግሌው ሁሉ ዓርብ ከሰዓት፣ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ሳይገባ፣ እሱን ሳይሰማ አይውልም። እኔም እሰማው ነበር፣ ምን ላድርግ፣ ቋንቋዬን የሚያወራ እሱ ነው።

ታዲያ የሊባኖሱ ጦርነት መጣ፣ ይኸ ሁለተኛው። ልጄ ታምራት ሚሉኢም ተጠራ። አገር ቤት ያሉትም ይሰሙታል ካልሽ ልንገራቸው፣ ሚሉኢም ማለት ጸባውን፣ ውትድርናውን፣ ጨርሶ ቤቱ የገባ ሰው እንደገና ሲጠራ ነው። እዚሁ ሰፈራችን፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ፣ ከእኛ ፎቅ በላይ የምትኖር የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ኤልያስም ተጠራ። በሱዳን መንገድ በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው ልጅ ነው፣ ከታምራት ጋር አንድ ደረጃ ላይ ሲሯሯጡ ያደጉ ናቸው። አብረው ሄዱ። ታምራት ተመለሰ። ኤልያስ አልተመለሰም።

ባለራዲዮውም ተጠርቶ ነበር፣ ይኸ እውነት ነው፣ እውነቱን አልነፍገውም። ከድንበሩ ወዲህ ነበር፣ ወጥ ቤት። ታምራት በዓይኑ አይቶታል፣ ሊሻገሩ ሲሉ ያበላቸው እሱ ነው። ወጥ ቤት መመደብ ነውር ነው ወይ? አይደለም። ጦር ሳይበላ አይዋጋም፣ እኔ ተርቤ ስለተዋጋሁ አውቀዋለሁ። ወጥ ቤት ነበርኩ ቢል ኖሮ እኔ ተነሥቼ እጁን እጨብጠው ነበር።

እሱ ግን ምን አለ መሰለሽ? ሐዘኑ ገና ወር ሳይሞላው፣ ዓርብ ምሳ ቀርቦ፣ ራዲዮኑን ከፍተን ሁላችንም ተቀምጠን፣ ያን የሚያምር ድምፁን ዝቅ አደረገና «ኤልያስ ክንዴ ላይ ነው ያለፈ» አለ። «ጥይት እየዘነበ ተሸክሜ ሳወጣው፣ ‹እናቴን እንዳታለቅስ ንገርልኝ፣ ልጅሽ በክብር ነው የሞተ በላት› አለኝ» አለ። እንዲህ እያለ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ። ሚስቴ አለቀሰች። ታምራት ሹካውን አስቀመጠና ወጣ፣ ወደ ባሕሩ ሄደ፣ ሲመሽ ተመለሰ።

በማግሥቱ ያዝሁት። ምነው አልኩት። «አባባ፣ ሰውየው ድንበር አልተሻገረም። ኤልያስ አጠገብ የነበርኩ እኔ ነኝ» አለኝ። ታዲያ ተናገራ፣ ሂድና ንገራት አልኩት። ልጄ ሲያዝን ድምፁ አይሰማም፣ እናቱን ነው የሚመስል። «እሷ በዚያ ቃል ቆማለች አሉ» አለኝ፣ «እሱን ነጥቄ በምትኩ ምን ልስጣት?» እኔም ነገሩን ተውኩት። ልክ መሰለኝ፣ ሚስቴም ልክ ነው አለች።

እና ከረምን። ትርንጎ ግን ሌላ ሰው ሆነች። በእኛ ወግ ሰው ይለቀስለታል፣ አይደል? እናት ታለቅሳለች፣ ሴቶቹ ያግዟታል፣ አልቃሿ ስሙን እየጠራች ታስለቅሳለች፣ ሐዘኑ እንዲህ እንዲህ እያለ ይወጣል። ትርንጎ ራዲዮኑን ከሰማች ወዲያ አንዲት እንባ አላወጣችም። ሌላ ሰው ቤት ለቅሶ ሄዳ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትቀመጣለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። ከሳች። ሴቶቹ ፈሯት። አንድ ሻባት ማምሻ ባሕሩ ዳር፣ ሰው ሁሉ ከልጅ ልጆቹ ጋር ሲንሸራሸር፣ ብቻዋን አግዳሚ ላይ አገኘኋት። እንዴት ነሽ ትርንጎ አልኋት።

«አላለቀስኩም» አለችኝ።

ትሰሚኛለሽ? እኔ እንዴት ነሽ ነው ያልኋት። «ልጄ አታልቅስ ብሏል፣ ቃሉን አላፈርስም» አለችኝ። የዚያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላ። እኔ ውሸቱ ያሳረፋት መስሎኝ ነበር። ለካ አንቆ ይዟታል። አንድ ሰው ወጥ ቤት ውሎ፣ ጀግና ሊባል ብሎ፣ የእናትን እንባ ቀማ። ሌባ እንኳ የሰው ዕቃ ነው የሚወስድ።

ዓመቱ ደረሰ፣ አዝካራው፣ ተዝካሩ። አዳራሽ ተያዘ፣ ቄሶቹ ጸለዩ፣ ሰው በላ። እና ትርንጎ ማንን ጠራች? ባለራዲዮውን። የልጇን አሟሟት በሰው ፊት እንዲነግርላት። መጣ። የወታደር ቀለም ያለው ሸሚዝ ለብሶ፣ ያን ዕለት ደግሞ ማንከስ ጀምሯል። በግራው ይሁን በቀኙ አልረጋም፣ ሲገባ በአንዱ፣ ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርስ በሌላው። ሥቂ፣ ሥቂ፣ እኔ ግን አልሣቅሁም። ጀመረ። በራዲዮ ጊዜ ጥይት ብቻ ነበር፣ አሁን ሮኬትም ጨመረበት። ትርንጎ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፣ ቀጥ ብላ፣ ዓይኗ ደርቆ። «እናቴን እንዳታለቅስ» የሚለው ጋ ሲደርስ ተነሣሁ።

«ምስክርህ ማነው?» አልኩት።

«ምን አሉኝ አባባ?» አለኝ በትሕትና፣ ትሕትናውስ ሞልቶታል። ደገምኩለት። ሰው አጉረመረመ፣ ከኋላ ልብሴን ያዙኝ፣ ተው አባ ተገኘ፣ የሐዘን ቦታ ነው አሉኝ። ለዚህ አይደል የተነሣሁ? የሐዘን ቦታ ስለሆነ አይደል? ባለራዲዮው አንገቱን ደፋና ምን አለ፣ «የጦር ሜዳ ምስክሮች፣ አባባ፣ ሞተው ቀርተዋል።»

ልጄ፣ ይኸ የእኔ ቃል ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ያልኩበትን ምክንያት፣ እሱ ለመዋሸት አመጣው። እንግዲህ የዚያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ታምራት ተነሣ።

«እኔ አልሞትኩም» አለ።

ታምራት ባለራዲዮውን አላየውም፣ በአጠገቡ አልፎ ትርንጎ እግር ሥር ሄዶ ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ አጠገቡ የነበርኩ እኔ ነኝ። ኤልያስ ምንም አላለም። ለመናገር ጊዜ አልነበረውም። አታልቅስ አላለም» አላት።

«አላለም?»

«አላለም እማማ።»

«እንግዲያ ላልቅስ?» አለችው።

ፈቃድ ጠየቀችው፣ ልጄ። ዓመት ሙሉ ለልጇ ሳታለቅስ ኖራ፣ ከልጅ ፈቃድ ጠየቀች። ታምራት በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። እና አለቀሰች። ሴቶቹ ከየወንበራቸው ተነሥተው ከበቧት፣ አልቃሿም ስሙን ጠራች፣ የዓመቱ ለቅሶ ያን ዕለት ሆነ። እኔም አለቀስኩ፣ ለኤልያስ ብቻም አይደለም።

ባለራዲዮው ማንከሱን ትቶ በሩን ሲፈልግ ትርንጎ አየችው። ና ወዲህ አለችው። ልትሰድበው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። «ልጄን አይተኸዋል፣ ወይስ እሱም ውሸት ነው?» አለችው። ድምፁ ጠፋ፣ ያ የሚያምረው። ሩዝ አወጣሁለት አላት፣ ድገመኝ አለኝና ደገምኩት አላት።

«ጠግቦ ነው የሄደ?»

«ጠግቦ ነው የሄደ።»

«ይኸን አትነግረኝም ነበር?» አለችው። «እኔ መች ሌላ ነገር ጠየቅሁህ?»

ይኸው ነው። በእጁ የያዘው እውነት ለአንዲት እናት ከሮኬቱ ሁሉ ይበልጥ ነበር፣ አያውቀውም። እሷ ይቅር አለችው። እኔ አላልኩም፣ አልልም። የዚያው ሳምንት ዓርብ ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ራዲዮኑን ከፈትኩ። ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ዘፈን አሰማ፣ መልካም ሻባት አለ። እስካሁን ያወራል። እኔ ግን ዓርብ ዓርብ ራዲዮ መስማት ትቻለሁ።

[«አባ ተገኘ፣ ታምራት ከዚያ በኋላ ነገራት? ኤልያስ እንዴት እንደሞተ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።]

ነግሯታል። ለብቻዋ፣ ጥግ ላይ፣ እጇን ይዞ። እኔም አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

[«ምን አላት?»]

ለእሷ ነው የተናገረ፣ ልጄ። እኔ ራዲዮ ነኝ እንዴ? በይ፣ ዝጊው ይኸን ነገርሽን።