ትዕዛዙን በማይክ ይንገሩኝ

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለኝ፤ ዛሬ በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ ልናገረው። ጋሽ ጆሮ፣ መጀመሪያ ወደዚህ ምክር ቤት የመጡ ቀን ባለጉዳይ መስለውኝ ወረፋ ያስያዝኩዎት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን የተሸከመው ዘበኛችን ነው። እዚያ ጥግ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ምን ላድርግ፣ በአንድ እጃቸው የተጠቀለለ ሽቦ፣ በሌላው የተሰበረ ድምፅ ማጉያ ይዘው ሲመጡ ጎረቤት ሊከሱ የመጡ መሰለኝ። ግማሽ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኩዎት። ውስጥ ከንቲባውና አፈ ጉባኤው ያለ ማይክ እየተጯጯሁ “አዲሱ የድምፅ ባለሙያ የት ገባ?” ሲሉ እርስዎ ደጅ ሆነው ይሰሙ ነበር። ኋላ ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቅዎት “ተራዬ አልደረሰማ” አሉኝ።

ጆሮ የሚለውን ስም ያወጣንልዎት ማዳመጫው ከአንገትዎ ስለማይወርድ ነው። ምሳ ሲበሉም አይወርድም። ስልክ ሲያነሱ እንደ ሰው “አቤት” አይሉም፤ “አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?” ነው የሚሉት። ከየስብሰባው በኋላ ማይኮቹን አንድ በአንድ ይወለውላሉ፤ የምክር ቤት አባል ሲቆጣ ይረጫልና። አብልጦ የሚረጨው ማን እንደሆነ ስንት ጊዜ ለመንንዎት፤ የሙያ ምስጢር ነው ብለው እምቢ አሉን።

የዚያን ጊዜውን ከንቲባና ምክር ቤት ያላያችሁ ልጆች፣ ምንም አልቀረባችሁም። ከንቲባው ነጭ ካሉ ምክር ቤቱ ጥቁር ነው። ከተማው በቆሻሻ ተውጦ አፍንጫችንን ይዘን ስንመላለስ፣ እነሱ የማን መኪና በር ላይ ይቁም በሚለው ሦስት ስብሰባ ጨረሱ። በመጨረሻ የቆሻሻ መኪና መግዣው በጀት ቀረበ። ያን ዕለት ጠዋት የከንቲባው አማካሪ ወደ ድምፅ ክፍሉ ገብተው፣ ተቃዋሚዎቹ መናገር ሲጀምሩ ትንሽ ብልሽት ቢፈጠር የክፍል ኃላፊነት ሹመት እንደማይቀርላቸው ለጋሽ ጆሮ ነገሯቸው። አማካሪው ወጥተው በሩ ሳይዘጋ አፈ ጉባኤው ገቡ፤ የከንቲባው ማይክ ካልጠፋ ከሥራ እንደሚባረሩ ነገሯቸው። ቃለ ጉባኤ ልተይብ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበርና መልሳቸውን ሰምቻለሁ። ለሁለቱም አንድ ነው።

“ትዕዛዙን በማይክ ይንገሩኝ፤ ወዲያው አጠፋለሁ።”

ከንቲባው ንግግራቸው መሀል ሲደርሱ አፈ ጉባኤው ወደ እኛ መስታወት ቀና ብለው እጃቸውን በጉሮሯቸው ላይ አሳለፉ። ጋሽ ጆሮ ምን አደረጉ? የአፈ ጉባኤውን ማይክ አበሩላቸው። የማይኩ ቀይ መብራት በራች። አፈ ጉባኤው አፋቸውን ከፈቱ፤ በረንዳው ላይ የታጨቀውን ሕዝብ አዩ። “ውሃ አምጡልኝ” አሉ። ተቃዋሚው ሲናገር ደግሞ ከንቲባው በተራቸው እጃቸውን አወዛወዙ። የሳቸውም መብራት በራች። “ለኔም” አሉ።

እንዲህ ውሃ ሲጠጡ ሁሉም ተናግሮ ጨረሰ፤ በጀቱም ጸደቀ። ዛሬ ጠዋት ቆሻሻችሁን ያነሳችው መኪና የዚያን ቀን ልጅ ናት።

በማግስቱ ግን ታሪክ ተሠራ። ከንቲባውና ምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ጋሽ ጆሮ ይባረሩ። አጀንዳው ተያዘ። ችግሩ፣ ሰው ሲባረር ምክንያቱ በጉባኤ መነበብ አለበት፤ የሚነበበው ደግሞ በማይክ ነው። አንባቢ ጠፋ። አንዱን ጉሮሮው አመመው፣ ሌላው መነጽሩን ቤት ረሳ። እኔም በየስብሰባው “በይደር ተላልፏል” እያልኩ ጻፍኩ። እኛ እንስቃለን፤ እርስዎ ግን ዛሬ ይነበብ ይሆን እያሉ በየጠዋቱ መጥተው ማይኮቹን ወለወሉ። አጀንዳው እስከ ዛሬ አልተነሳም። ጡረታ ቀደመው።

አሁን ቀልዱን ልተው። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ወደ ሥራ ስመለስ፣ ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ በየኮሪደሩ ያስቆመኝ ነበር። እርስዎ ግን ትርፍ ማዳመጫ አምጥተው ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝና “እዚህ ውስጥ ማንም አይደርስብሽም” አሉኝ። ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየሁ ሰው ነኝ፤ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን ያነበብኩት በየእረፍቱ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እርስዎ ጠረጴዛዬ ላይ ባበሩልኝ መብራት ነው። ሳላመሰግንዎት ስንት ዓመት አለፈ። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። የማንንም አፍ ላልዘጋው እጅ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ጆሮዎም የልጅ ልጅ ጫጫታ እንጂ የጉባኤ ጩኸት አይስማ።

ይህን የጻፍኩበትን ወረቀት የምሰጠው ለባለቤታቸው ነው። እትዬ፣ ያን ሰሞን ሽቦ ስጠግን አመሸሁ እያሉ ፊታቸው ጠቁሮ ሲገቡ፣ የመባረሩን ነገር እንዳልነገሩዎት አውቃለሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ተይው ብለው በእጃቸው ምልክት ከሰጡዎት፣ ምን እንደሚመልሱላቸው አሁን ያውቃሉ።