የኔታ ያርጋልና የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ቅጂ

ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን በሚሄደው አውቶቡስ በሁለት የማላውቃቸው መንገደኞች መካከል ተቀመጥኩ። አንደኛው የኔታ ያርጋል ናቸው፤ ድሮ የድጓ ተማሪ፣ ዛሬ የአንድ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር ጠባቂ። ሌላዋ የሥራ ባልደረባቸው ሕሊና ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመቷ ነው። ጭኗ ላይ አዲስ የሰርቨር መቆጣጠሪያ አስቀምጣለች፤ ሰርቨሩን፣ ማለትም መዝገብ የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ከሩቅ የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ማራገቢያውን የሚያዝዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። አሮጌው እያስቸገረ ስለሆነ ሊቀይሩት ነው የሚሄዱት።

«የኔታ፣ አሮጌውን ሳንነቅል ቅንብሩን በፍላሽ እንቅዳው» አለች።

«ኧረ ተይኝ ልጄ! የኔትወርክ አድራሻው፣ የማራገቢያው ልክ፣ ሁሉም በቃሌ ነው። በቃል የያዝኩትን ቫይረስ አይነካው!»

«አንዲት ቁጥር ቢስቱስ? የነፍሰ ጡሮቹ መዝገብ እኮ በሙሉ እዚያ ላይ ነው። ማራገቢያው በተሳሳተ ልክ ሠርቶ ሰርቨሩ ቢቃጠል ነርስ አበባ የማንን ደም ማነስ በምን ታውቃለች?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ስቼ አውቃለሁ?»

እኔ በበኩሌ ተናደድኩ። የስንት እናት ጤና በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ይንጠልጠል? ግን ደግሞ፣ በቃሉ ያልያዘ እንደ ተማረ በማይቆጠርበት ጉባኤ ባደጉ ሰው ላይ አልፈርድም።

ሕሊና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድጓውን በቃልዎ ዘልቀውት ሳለ መምህርዎ በእጅዎ ያስጻፉዎት ለምን ነበር?»

«ለሚመጣው ተማሪ ነዋ!» አሉና የራሳቸውን መልስ ሲሰሙ መሣሪያውን ከጭኗ አንስተው አገላበጡት። መልሰውም ሰጧትና፣ «በይ እንዳልሽ ቅጂው» አሏት።

ከአውቶቡሱ ስንወርድ እኔም ነገሩን ሳላይ አልሄድም ብዬ ተከተልኳቸው። በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ነፍሰ ጡሮች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሕሊና ቅንብሩን ቀዳች፣ መሣሪያውን ቀየረች፣ ቅጂውን አዲሱ ላይ መለሰችው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ አበባ የመጀመሪያዋን እናት ጠራች።

የኔታ ግን ክርክሩ አልወጣላቸውም። ዐይናቸውን ጨፍነው ቅንብሩን በቃላቸው ይወርዱት ጀመር፤ ሕሊና በስክሪኑ ታመሳክራለች። አድራሻው ልክ ነው። «ማራገቢያው በሰማንያ አምስት ዲግሪ ይፍጠን» ሲሉ ቀና አለች።

«ስልሳ አምስት ነው፣ የኔታ።»

በሰማንያ አምስት ቢሞሉት ኖሮ ማራገቢያው ዘግይቶ ይነሳና ሰርቨሩ ግሎ ይቃጠል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ቅጂ ያለው ሰው የተበላሸውን በደቂቃ ይመልሳል፤ ባለሙያው ቢታመም ወይም ቢረሳ እንኳ ሥራው አይቆምም። ቅጂውም ከሰርቨሩ ርቆ ይቀመጥ፤ ሳይቸግርም ይሞከር።

የኔታ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ መርሳት ጀምሬአለሁ። ፈርቼ ነው የተከራከርኩሽ። አንዱን ቅጂ ደባርቅ ወስደሽ አኑሪው።»

«ሌላውንስ?»

ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «አቀዳዱን አስተምሪኝና ሌላውን በእጄ ልቅዳው።»