ሲስተር ፈሪ መሆኗን የሰማሁ ዕለት

ወዳጆቼ፣ ለሲስተር የጡረታ መሸኛ ከመጠጣታችን በፊት አንድ የድሮ ጥፋቴን ላውጣ። ሲስተር የነርሲንግ ተማሪዎችን ልታስተምር መጀመሪያ የመጣች ቀን እኔ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ፊቷ አመድ መስሎ፣ ላብ አጥምቋት በሩ ላይ ቆመች። ፋታ ሳልሰጣት አልጋ ላይ አስተኛኋት፤ የደም ግፊቷን ለካሁ። ግሉኮስ ልሰቅልላት ስል፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አዲሷ አስተማሪ ነኝ» አለችኝ። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» ብላት፣ «ፀሐይ መትቶኝ ነው» አለች። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ዳምኖ ነበር።

ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት ሳቅንባት። እጅ አስተጣጠቧንማ የማያውቅ የለም። ተማሪዎቿን ይዛ ታካሚዎች ጋ ከመግባቷ በፊት ቧንቧው ሥር ተገትራ ትቀራለች። «ሲስተር፣ ቆዳሽ እንዳይላጥ» እላታለሁ። «አንተ ሥራህን ሥራ» ትለኛለች። ብስኩት ደግሞ ከኪሷ ጠፍቶ አያውቅም፤ ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ተማሪ ከፊቱ ትለየዋለች። ልጆቹ «ብረቷ» ይሏታል። እኔም ብረት ትመስለኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ግን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የመጀመሪያ መርፌዋን ልትወጋ ስትል እጇ እምቢ አላት። ሮጣ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። መለዋወጫ ቁልፍ ይዤ ስደርስ ሲስተር በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም፤ ነገ መልቀቂያ አስገባለሁ» ትላለች ልጅቷ ከውስጥ።

«የኔ ልጅ፣ እኔም ዛሬ ጠዋት ፈርቻለሁ» አለቻት ሲስተር። «ሁልጊዜ እፈራለሁ። ውሃው ሥር የምቆየው ትንፋሼን እየቆጠርኩ እጄ እስኪረጋ ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ቀንማ በሽተኛ መስያቸው አልጋ አስይዘውኛል።»

ቁልፉን ወደ ኪሴ መለስኩት። እውነቴን ነው፣ እስካሁንም ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን እንዴት ይሄ ያመልጠኛል? ከሁሉ የደነገጥኩት ግን በራሴ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ እኔ ጋ ሲመጣ፣ «ነርስ አይፈራም፣ ሌላ ሙያ ፈልግ» እለው ነበር። ስንቱ ሰምቶኝ እንደሄደ አላውቅም። መጥፎ ልጆች አልነበሩም።

ልጅቷ ወጣች። ብስኩት በላች፣ ተረጋግታ ታጠበች፣ ተመልሳ ወጋች። ዛሬ ያልመጣችው ተረኛ ስለሆነች ነው።

ሲስተር፣ አመሰግንሻለሁ። አንድም ልጅ ሳታሳፍሪ አስተማርሽ። ሰኞ ክፍልሽን የምረከበው እኔ ነኝ፣ እና በጣም ፈርቻለሁ። ይህን በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰኞ ተማሪዎቹ ፊትም ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ይሄንኑ ነው።

ጤና ይስጥሽ። ጠዋት ስትነሺ የሚያስፈራሽ ነገር አይኑር። በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ካለ አይፈር፣ ይፍሰስ፤ እኔ እወለውለዋለሁ።