ወለተ ሐና ማን ናት?

— ሄሎ? … አቤት። … አዎ፣ ማክዳ ነኝ። … ጋሽ ፍቅሬ! እንደምን ዋ— … እሺ። … እሺ፣ ሰላምታው ይቅር።

አቶ ፍቅሬ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። ስልክ ሲደውሉ እንደ ሰው «እንዴት ዋልሽ» ማለት ድሮም አይሆንላቸውም፤ ዛሬ ደግሞ እሳት ጎርሰው ነው የደወሉት። ማክዳ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችው። ፒያሳ፣ ከጫማ መሸጫው በላይ ያለችው የሥራ ክፍላቸው ጠባብ ስለሆነች አብራት የምትሠራው ኢልሀም ጩኸቱን ከጠረጴዛዋ ሆና ሰምታ ቀና አለች።

— ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። … የቱ ሳጥን? … እ፣ የአስተያየት ሳጥኑ። ምን ሆነ? … ማን ሰደበዎት? … እኔ? እኔ መች ጻፍኩ! ሳጥኑን ሠራሁ እንጂ የሚገባበትን አልጽፍም። … አይ፣ አላየሁትም። ትናንት ነው የገባው?

ሳጥን ይበሉት እንጂ እንጨት አይደለም፤ በስልክ የሚከፈት ገጽ ነው። አምና ጠቅላላ ጉባኤው «አባሉ ቅሬታውን ሳይፈራ የሚናገርበት ነገር ይኑረን» ብሎ ሲወስን ማክዳ በነጻ ሠርታ ሰጠች። የፈለገ አባል ከፍቶ ይጽፋል፤ የጻፈው ለሁሉም ይታያል፤ ማን እንደጻፈው ግን አይታወቅም። ያን ቀን ለድጋፍ እጃቸውን ቀድመው ያወጡት አቶ ፍቅሬ ነበሩ። ቅሬታው ስለ ሌላ ሰው ይሆናል ብለው ነዋ!

— ቁጥሩን ከየት ላምጣልዎት? … አልደበቅኩም፣ የለኝም! ሳጥኑ ስልክ ቁጥር አይዝም፣ እውነተኛ ስም አይዝም፣ ምንም አይዝም። … እኔ ስለሠራሁት አውቃለሁ? ግንበኛ ቤት ሠራ ማለት እኮ ቤቱ ውስጥ የሚወራውን ይሰማል ማለት አይደለም። … ሙድ እየያዝኩብዎት አይደለም!

— እሺ፣ እኔን አይመኑኝ። ኮዱ ክፍት ነው። … ኮድ ማለት… ሳጥኑ የተሠራበት ጽሑፍ ነው፣ መመሪያው ይበሉት። ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም አስቀምጬዋለሁ። ቁጥር ይይዝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አንብቦ ማየት ይችላል። ለእህትዎ ልጅ ያስነብቡት፣ ኮምፒውተር አይደል የተማረው? … አስነበቡት? … ምን አለዎት? … ቁጥር የሚይዝበት ቦታ የለውም አለዎት? ታዲያ እኔ ላይ ምን ያስጮህዎታል!

ኢልሀም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ማክዳንም ደስ አላት። እኒህን ሰውዬ ማናደድ ልጅ ሆናም ያስደስታት ነበር።

— ፖሊስ ጋ? ይሂዱ። ፖሊስም ቢመጣ የምሰጠው የለኝም፣ የሌለኝን ከየት ወልጄ ልስጥ! … እሱን እንኳን አያንሱብኝ። … አልረሳሁም። ባለቤትዎ እትዬ የሺዓለም ክርስትና ያነሱኝ እናቴ ናቸው፣ ቤታችሁ በልቼ አድጌያለሁ፣ መች ካድኩ? … ክርስትና ስላነሱኝ ግን ለእርስዎ ብዬ የሰው አፍ አልዘጋም። … ማጥፋትማ እችላለሁ። አላጠፋም ነው የምልዎት። … ከእንግዲህ የሚጻፈው መጀመሪያ ለእርስዎ ይድረስ? እርስዎ ያሳለፉት ብቻ ይውጣ? … እሱማ ሳጥን አይባልም ጋሽ ፍቅሬ፣ ወንፊት ነው።

— ዝጊው ይበሉኝ እሺ፣ ምን ይጠቅምዎታል? አትክልት ተራ ያሉት እድሮች ኮዱን ወስደው የራሳቸውን ከፍተዋል። የኛ ሰው እዚያ ሄዶ ይጽፋል። ያኔ ሰፈራችን ብቻ ሳይሆን አትክልት ተራ ከነተሸካሚው ያነበዋል። … እስቲ ምን ቢባሉ ነው እንዲህ የሚያደርግዎት? ያንብቡልኝ። … አይቋረጥም፣ ላውድ ላይ ያድርጉኝና ገጹን ይክፈቱት። … መነጽር? … ይፈልጉት፣ እጠብቃለሁ።

አቶ ፍቅሬ ራሳቸው ተነስተው የሚፈልጉ ሰው አይደሉም። ሚስታቸውን ሲጣሩ ተሰማት፤ ቀጥሎ የነጠላ ጫማ ኮቴ ከጓዳ ወጣ።

— እትዬ የሺ፣ እንደምን ዋሉ! … አልሰሙኝም መሰለኝ። … እሺ ጋሽ ፍቅሬ፣ ያንብቡ። … «እማማ ሓዳስ ባረፉ ቀን ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ዋለ» … እሺ … «የእድሩ ድንኳን ግን ራስ መኮንን ድልድይ፣ በሊቀመንበሩ ወንድም ምግብ ቤት ምርቃት ላይ ተተክሎ ነበር።» … ጋሽ ፍቅሬ፣ እውነት ነው? … መጠየቄ ነው! ድንኳኑ ተቀዶ ስፌት ገብቷል አይደል ያሉን? እኔም እኮ ለቀስተኛ ነበርኩ። የእማማ ሓዳስ ልጆች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ላስቲክ ለብሰው ነው ያለቀሱት። … ስድብ አይደለም ይሄ። እውነት ከሆነ ስድብ አይደለም።

— ማን? … ተስፋሁን? ጸሐፊው? … የመጋዘኑ ቁልፍ እርስዎና ጸሐፊው ጋ ብቻ ስላለ ተስፋሁን ነው የጻፈው? … ነገ በስብሰባ ልታባርሩት? … ጋሽ ፍቅሬ፣ የሰውዬው አባት እኮ አልጋ ላይ ናቸው! ዛሬ ነገ እየተባለ ነው! … ቀድሞ ማሰብ ነበረበት? … አይ ጭካኔ!

በሰፈራቸው በእሪ በከንቱ ከእድር መባረር ምን እንደሆነ ሊቀመንበሩ አሳምረው ያውቃሉ። ሰው ሲሞት ጥሩንባ አይነፋም፣ ወንበር አይወጣም፣ ሰልስቱን አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት እንኳ ሊቀመንበሩ ያዩኝ ይሆን ብሎ ይሸማቀቃል። ተስፋሁን አባቱን ብቻውን እንዲቀብር ነው የፈረዱበት። ማክዳ እስካሁን ትቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱን ተወችው።

— ተስፋሁን ለመጻፉ ምን ማስረጃ አለዎት? ከጽሑፉ በላይ ስም የሚጻፍባት ቦታ አለች፣ እዚያ ምን ተብሏል? … የሴት ስም ለብሶ ነው የገባው? … እስቲ ያንብቡልኝ። … ማን? … ወለተ ሐና?

ማክዳ ክው አለች።

— አለሁ… አለሁ፣ መስመሩ ነው። አንዴ ይጠብቁኝ።

ድምፅዋ እንዳይሄድ የስልኩን ማይክሮፎን አጠፋችና ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

— ኢልሀም፣ ጉዴ ፈላ። ወለተ ሐና እትዬ የሺ ናቸው! … አዎ፣ የሱ ሚስት! የክርስትና ስማቸው ነው። ጻድቃኔ ማርያም ስሄድ «በዚህ ስም ጸልዪልኝ» ብለው እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። … አያውቅማ! ቢያውቅ አፉን ሞልቶ ያነብልኝ ነበር?

ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የማክዳ ነው። ሽማግሌዎቹ «ስም የሌለው ቃል አናነብም» ብለው ስላስቸገሯት ነው ያቺን ቦታ የጨመረችው። «ከመጠሪያዎ ሌላ ስም ይጻፉ» ይላል። ወጣቶቹ «ነብሮ» እያሉ፣ «የሰፈሩ ልጅ» እያሉ ይገባሉ። እትዬ የሺዓለም ግን የሌላቸውን ስም መፍጠር ውሸት መሰላቸው። ያላቸው ሌላ ስም ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም ቄሱ የሰጧቸው። ባልየው በማዘጋጃ ቤት ፈርመው ያገቧቸው፣ ቤተ ክርስቲያንም ለቀብር ካልሆነ የማይረግጡ ሰው ናቸው። ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ሚስታቸው በምን ስም እንደሚጸልዩ አንድ ቀን አልጠየቁም። ሲናደዱ ደግሞ ከአፋቸው እጃቸው እንደሚቀድም ማክዳ ልጅ ሳለች በዓይኗ አይታለች።

— ይቅርታ ጋሽ ፍቅሬ። … ስሙን እኔ በምን አውቃለሁ? ሰው የፈጠረው ይሆናል። … ይስሙኝማ። ላጥፋው። … አዎ፣ መልእክቱን። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ ተስፋሁንንም ይተዉት፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ። … ቅድም አላጠፋም ብዬ ነበር፣ አዎ። … ሳስበው… ሰፈር ከሚበጠበጥ ብዬ ነው። … ማንንም እየሸሸግኩ አይደለም!

ኢልሀም ራሷን ይዛ ተቀመጠች። የሰው ቃል አይጠፋም እያለች አገር ምድሩን ስታደርቅ የከረመችው ማክዳ በአንድ ትንፋሽ ላጥፋው አለች። አቶ ፍቅሬ ክፉ ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም፤ ወዲያው ገባቸው።

— አሁን ደግሞ አታጥፊው? … ስሙን ነው የሚፈልጉት። … አባ ብርሃነን? የንስሐ አባት የልጁን ነገር አውጥቶ ለሰው አይሰጥም፣ ነውር ነው። … ታዲያ ማንን ይጠይቃሉ? … አይ! እሳቸውን አይጠይቁ! … አይ፣ እንዲያው… እትዬ የሺ ምን ያውቃሉ ብዬ ነው። … የማርያም ማኅበር ስለሚጠጡ የሴቱን ሁሉ የክርስትና ስም ያውቃሉ? … በሞቴ ጋሽ ፍቅሬ፣ አፈር ስሆን፣ እሳቸውን አያስቸግሯቸው። … እዚያው ቆመው ነው? … ሁሉንም ሰምተዋል?

ለካ እትዬ የሺዓለም መነጽሩን ከሰጡ ወዲህ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ላውድ ላይ ነው፤ የተስፋሁንን መባረር ሰምተዋል፣ የማክዳንም ልመና ሰምተዋል። አቶ ፍቅሬ ስልኩን ለሚስታቸው ሰጧቸው።

— እትዬ የሺ? … ላውዱን ያጥፉት፣ የድምፅ ማጉያ ምስሏን ይንኳት። … ጠፋ? … ይስሙኝ፣ «አላውቃትም» ይበሏቸውና ስልኩን ይመልሱላቸው። ሌላ አንዲት ቃል እንዳይናገሩ። … አዎ፣ ስሙን ሲያነቡት ነው ያወቅኩት። … ለተስፋሁን መላ እፈልጋለሁ። … ምን መላ እንደሆነ ገና አላውቅም እትዬ! … አባትየውን የሚያስታምሙት እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። … እማማ ሓዳስም ጓደኛዎ ነበሩ፣ አውቃለሁ። … የጋሽ ፍቅሬን እጅ ረሱት እንዴ? … ይምታኝ? ምን ማለት ነው ይምታኝ! … እትዬ? … ለማን ነው የሚናገሩት? … እትዬ የሺ!

ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው ወደ ባላቸው ዞረው ነበር። ማክዳ ቃሉን አልለየችም፤ ሁለት ሦስት ቃል ቢሆን ነው። ከዚያ የሰማችው ሳቅ ነበር። አቶ ፍቅሬ እስኪያስላቸው ሳቁ።

— ጋሽ ፍቅሬ? … ምን ያስቅዎታል? … እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው? ተስፋሁንን ለማዳን «እኔ ነኝ ይበሉ» አልኳቸው? … ከጓዳ የማትወጣ ሴት ምን ታውቃለች? … ተስፋሁን ነገ መባረሩ አይቀርም?

ማምለጫው ይኸው ተከፈተ። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው» ብትል እትዬ የሺዓለም ዛሬን በሰላም ያድራሉ። ተስፋሁን ብቻ ነው የሚባረረው፤ እትዬ የሺዓለምም ደፍረው የተናገሩት ቃል እንደ ቀልድ ተስቆበት ይቀራል። ማክዳ ልትለው አፏን ከፈተች። በዚህ መሀል ከስልኩ ወዲያ የክርስትና እናቷ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ።

— ምን አሉ እትዬ? … ልንገራቸው? ንገሪው ነው የሚሉኝ? … እሺ። … እሺ እናቴ።

— ጋሽ ፍቅሬ፣ ሳቅዎን ጨረሱ? ሳጥኑ የሰው ስም አያወጣም፣ እኔም አላወጣም። የስሙ ባለቤት ራሷ ካወጣችው ግን እኔ ማን ነኝ የምደብቀው? ወለተ ሐና እትዬ የሺዓለም ናቸው። … የክርስትና ስማቸው ነዋ! … ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። … እርስዎ ካልጠየቋቸው ለማን ይንገሩት? … በየትኛው ስልክ ጻፈችው ይላሉ። አዎ፣ የሳቸው ተራ ስልክ ነው፣ ኢንተርኔት አይከፍትም፣ እሱ እውነትዎን ነው። … እትዬ! በየትኛው ስልክ ጻፉት ይላሉ ጋሼ! … ምን? … ወይኔ እትዬ!

ማክዳ ተነስታ ቆመች። ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ነበር።

— ሰሟቸው ጋሽ ፍቅሬ? … አልሰሙም? እኔ ልድገምልዎት። ቁጥሩን አምጪ፣ ቁጥሩን አምጪ ሲሉኝ አልነበር? ሳጥኑ ቁጥር ቢይዝ ኖሮ የሚወጣልዎት የራስዎ ነበር። ትናንት እርስዎ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ፣ አሁን በያዙት ስልክ ነው እትዬ የጻፉት። … አዎ፣ በእርስዎ ስልክ። … ሄሎ? … ጋሽ ፍቅሬ፣ እንዳይነኳቸው! እየመጣሁ ነው፣ እንዳይነኳቸው! … ሄሎ? … ሄሎ፣ ይሰሙኛል?

ስልኩ ተዘጋ። ማክዳ መልሳ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳው ጠፋ። ኢልሀም ቦርሳዋን አንስታ በሩን ከፍታ እየጠበቀቻት ነበር። ክፍሉን እንኳ ሳይቆልፉ ደረጃውን ወርደው ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ሮጡ።