ሰባት ጊዜ ያልታጠበው ቁስል

በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ዝናብ ራያን ከድቶ ሰው በየመንገዱ ዳር በወደቀበት ዘመን፣ አያ ታሂር አንድ በሬያቸውን እየነዱ ወደ ቆቦ ይሄዱ ነበር። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው አሲያ ክንዷን በጨርቅ አስራ ከኋላቸው ትከተላለች። ጎሊና ወንዝ ሲደርሱ ውሃው ከአሸዋው በታች ጠፍቷል። አንድ ወጣት ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ እየጫረ ውሃ ይፈልግ ነበር። ቀና ሲል ዘይኑዲን መሆኑን አወቁ፤ የሰፈራቸው ልጅ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ የከብት ክትባት ሠራተኞች ረዳት የሆነ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አያ ታሂር።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ የከብቶች ዶክተር! ከብቱ አልቆ አሁን ማንን ትወጋለህ?»

«አንቱ ያተረፉት አለ አይደል?» አለ ዘይኑዲን አፍሮ ፈገግ እያለ።

«በቁልቋል ነው ያተረፍኩት፣ እሾሁን በእሳት እየለበለብኩ። ዛሬ ግን ለመድኃኒተኛ ልሰጠው ነው። አሲያን ትናንት ጧት እብድ ውሻ ነከሳት። ከዋጃ ወዲያ ሥር በጥብጦ የሚያጠጣ አለ፤ በሬ ካልሆነ አልቀበልም ብሏል።»

«ውሻው የማን ነው?»

«የራሴ። መከታ።»

«አሁን የት አለ?»

«የት ይኖራል? ወዲያው በድንጋይ ጨረስነው። ማታ ጅብ ጎተተው።»

ዘይኑዲን እጁን ከአሸዋው አወጣ። «ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፣ አያ ታሂር።»

«እብድ ውሻ መግደል ጥፋት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አስኳላው ያስተማረህ ይህን ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማበዱን በምን አወቃችሁ?»

«ይዞር ነበራ! አንገቱን ወደ ግራ አጋድሎ እንደ አውድማ በሬ ይዞራል። ሲደክመው ግንባሩን ግድግዳ ላይ ደግፎ ይቆማል። አንዳንዴም ወድቆ ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል።»

«የሚዞረው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኔ።»

«ከሰኔ? አራት ወር ሙሉ? ውሃስ ይጠጣ ነበር?»

«ካገኘ እንደ ግመል ነው የሚጠጣው።»

«አሲያን የነከሳት ሮጦ መጥቶ ነው?»

አሲያ አያቷን ቀደመቻቸው። «አይደለም! ሲወድቅ ራሱን ድንጋይ እንዳይመታው ልይዘው ብዬ ነው። እኔ መሆኔን አላወቀም።»

አያ ታሂር ልጅቱን ገላመጧት። ይህን ለእርሳቸው አልነገረቻቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቋትም ነበር።

ዘይኑዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «የእብደት በሽታ የያዘው ውሻ፣ ምልክቱ ከታየበት በኋላ ዐሥር ቀን እንኳ አይቆይም። መከታ ግን አራት ወር ዞረ። ያስተማሩን ሐኪም አንዲት የምትዞር ድመት ስትሞትባቸው ራሷን ከፍተው አሳይተውናል። በዚያው በምትዞርበት በኩል፣ አንጎሏ ውስጥ ሽምብራ የሚያህል እጢ በቅሎ ነበር። እጢው እያደገ አንጎልን ሲጫን እንስሳው ይዞራል፣ ይወድቃል፣ ለጊዜው ባለቤቱንም ይስታል። የመከታም ሕመም ይኸው ይመስለኛል።»

«መድኃኒት አለው?»

«ውጭ አገር የራስ ቅል ከፍተው እጢውን የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ ይባላል። እኛ ዘንድ የለም።»

አያ ታሂር ደረቅ ሳቅ ሳቁ። «ለሰው ራስ ምታት ክኒን በጠፋበት አገር፣ ለውሻ ጭንቅላት! ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አንተ የውሻ ጠበቃ ሆንክ?»

«የምከራከረው ለአሲያና ለበሬው ነው። መከታን አስራችሁ፣ ሳትነኩት ዐሥር ቀን ብትጠብቁት ኖሮ፣ በሕይወት በመቆየቱ ብቻ የአሲያ ነገር በታወቀ ነበር። ቢሞትም ጭንቅላቱን አዲስ አበባ ልከን እናስመረምር ነበር። ምስክሩን ለጅብ ሰጣችሁት።»

ሽማግሌው ወደ በሬያቸው ዞር አሉ። ዝናብ ቢመጣ ይህን በሬ ከጎረቤታቸው ከአሊ በሬ ጋር አቀናጅተው ሊያርሱ ቃል ተገባብተው ነበር። ድንገት ተስፋ አደረባቸው።

«እንግዲያ ካላበደ በሬዬን ይዤ ልመለስ?»

ዘይኑዲን ወደ አሲያ ክንድ ተመለከተ። «ይመለሱ ብልዎ ደስ ይለኝ ነበር። ከዐሥሩ ዘጠኙ እጅ አላበደም እላለሁ። ግን የታመመ ውሻም በሌላ እብድ ውሻ ሊነከስ ይችላል። በቀረችው አንድ እጅ በአሲያ ነፍስ አልወራረድም። ደሴ ይውሰዷት፤ በየቀኑ ሆዷ ላይ የምትወጋው መርፌ አለ። እዚያ ቢታጣ አዲስ አበባ። ያንን ሥር ግን በባዶ አንጀቷ እንዳያጠጧት።»

«ስንቱ በዚያ ሥር ድኗል!»

«የዳኑት ያላበደ ውሻ የነከሳቸው ናቸው። ያበደ ነክሶት፣ ሥሩን ጠጥቶ የዳነ በዐይንዎ አይተዋል?»

አያ ታሂርን ታላቅ እህታቸው ኡሙሰልማ ትዝ አለቻቸው። እብድ ውሻ ነክሷት፣ ሥሩን ጠጥታ፣ ድናለች ተብሎ ዱዓ ተደርጎላት፣ በአርባኛው ቀን ውሃ ሲያቀርቡላት የጮኸችው ጩኸት። ያን ጊዜ መድኃኒተኛው «ዘግይታችሁ ነው» ብሎ ነበር። አመኑት።

«ቁስሉን አጠባችሁት?» አለ ዘይኑዲን።

«አመድ ነሰነስንበት።»

«መከታ ሳህን ሲልስ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ሃይማኖታችን እንዳዘዘው ሰባት ጊዜ እናጥባለን፣ አንዱን በአፈር። ይህንንማ አንተም ታውቃለህ።»

«ለሳህኑ ሰባት ጊዜ። ለአሲያ ክንድስ?»

ሽማግሌው አጠገቧ ተንበርክከው ጨርቁን በገዛ እጃቸው ፈቱ።

የተጫረው ጉድጓድ ጥቂት ውሃ አቁሮ ነበር። ዘይኑዲን ከቦርሳው ሳሙና አወጣ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያለ አመዱን አስለቅቆ ያጥባት ጀመር። አያ ታሂር በሹክሹክታ ቆጠሩ። ሰባት ሲሉ ዘይኑዲን አላቆመም።

«ሰባት ሞላ እኮ።»

«ሳህኑ ሰባት ይበቃዋል፤ ቁስል ግን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ትናንት በነከሳት ሰዓት ቢሆን ኖሮ እጥፍ በጠቀማት።»

ያን ጊዜ አያ ታሂር ለማንም ያልተናገሩትን ተናገሩ። «ድንጋዩ ሲበዛበት ጠራሁት። ስሙን ስጠራ እየተሳበ ወደ እኔ መጣ፣ ጅራቱን እየወዘወዘ። በዱላዬ የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

ዘይኑዲን ማጠቡን ቀጠለ።

በሬው ቆቦ ገበያ ላይ ተሸጠ፤ የረኃብ ዘመን ገበያ ስለሆነ ለመንገድና ለስንቅ ያህል ብቻ አወጣ። አያትና ልጅ በአውቶቡስ ደሴ ወረዱ። አሲያ በየቀኑ እያለቀሰች ተወጋች፤ ዳነችም። መርፌው ያዳናት ይሁን መከታ ከመጀመሪያውም ያላበደ ይሁን ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሊመሰክር የሚችለው ውሻ የለማ።

በተከታዩ ሐምሌ ዝናቡ መጣ። አሊ በሬውን የሚያጣምርለት ሌላ ቀንጃ አገኘ፤ አያ ታሂር ማሳቸውን በዶማ ቆፈሩ። አንድ ጧት ከአሊ ግቢ ጩኸት ሰሙ። የአሊ ውሻ የአሊን ልጅ ነክሶ፣ ጎረምሶች ድንጋይ አንስተዋል። አያ ታሂር ዶማቸውን እንደያዙ መሐል ገቡ።

«እሰሩት! ልጁን በሳሙና እጠቡ፣ ክንዳችሁ እስኪዝል! ውሻውን ማንም አይንካው፤ ዐሥር ቀን ይቆጠር። ቢታመም ወይም ቢሞት ጭንቅላቱን ከጅብ ጠብቁና ልጁን ይዛችሁ በዚያኑ ቀን ደሴ!»

«አያ ታሂር የውሻ ጠበቃ ሆኑ!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«አዎ ልጄ፤ ዘግይቼ።»

ውሻው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ታሰረ። ዐሥር ቀን በላ፣ ጠጣ፣ ጮኸ። እንዲህ ሆኖ የአሊ ልጅ ከመርፌ፣ በሬው ከገበያ፣ ቤቱም ከጅብ የሚጠብቀውን ውሻ ከማጣት ተረፈ። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው አንድ ገመድ፣ ትንሽ ሳሙናና የዐሥር ቀን ትዕግሥት ነበር። የተቆጣ እጅ ይህን ያህል መቆየት ያቅተዋል፤ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ሲጸጸት ይኖራል።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ገመዱን እንዲፈቱ አያ ታሂር ተጠሩ። ሲቀርቡ ውሻው ጅራቱን ወዘወዘላቸው። ገመዱን ለአሊ ሰጡትና፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ዶማቸውን አነሱ።